አንድ ኮት ለሦስት ተናጋሪ

የተማሪዎች የክርክርና የንግግር ውድድር በትንሽ ኮሌጅ ሲካሄድ በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ከሚካሄደው የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። ተከራካሪው ተቃዋሚውን ያውቀዋል፤ ተደራራቢው አልጋ ላይ ከበላዩ የሚተኛው እሱ ነው። ዳኛው ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ ባለፈው ሳምንት የፈተና ወረቀታቸውን ያረመው እሱ ነው። አድማጩ ደግሞ ሦስቱንም ያውቃል፤ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን የማንን ደብተር እየገለበጠ እንደሚያጠና፣ የትኛው መምህር ለየትኛው ዲፓርትመንት እንደሚያደላ በቃሉ ይዟል። ስለዚህ በትንሽ ኮሌጅ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ስለ አየር ንብረት ለውጥም ተናገረ ስለ ትምህርት ጥራት፣ አዳራሹ የሚያዳምጠው ስለ እሱ ነው።

ውድድሩ የሚጀምረው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። በአራት ስፒል የተወጠረ ወረቀት «መወዳደር የምትፈልጉ እስከ ዓርብ ተመዝገቡ» ይላል። ዓርብ ይደርሳል፤ የተመዘገበ የለም። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አብዛኛው ተማሪ ያደገው እንግዳ ሲመጣ እጅ አስታጥቦ ጥግ ይዞ እንዲቆም፣ ሲጠየቅ ብቻ እንዲመልስ፣ ሲመልስም ዓይኑን መሬት ላይ እንዲተክል እየተነገረው ነው። ጨዋ ልጅ ማለት አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ «ዝም በል» ሲባል የኖረ ሰው ኮሌጅ በገባ በሦስተኛው ወር «ና ተናገር» ሲባል ነገሩ ወጥመድ ቢመስለው አይፈረድበትም።

የክበቡ ሰብሳቢ እንግዲህ ዶርም ለዶርም መዞር ይጀምራል። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሃምሳ ቀርበው ስምንት ይመረጣሉ። እዚህ ስምንት ይፈለጋሉ፣ ሦስት ይገኛሉ፣ አምስቱ ይታፈሳሉ። የአፈሳው መስፈርት ሰፊ ነው። ካፌ ሰልፍ ላይ «ይቺ ጭልፋ አነሰች» ብሎ ከወጥ ቀጂዋ ጋር የተሟገተ ይያዛል። ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ግን ስህተት አለ» ያለም ይያዛል። አጎቱ ጠበቃ ነው የሚባል ካለ እሱም አያመልጥም፤ አንዳንዱ ደግሞ ድምፁ ወፍራም በመሆኑ ብቻ ይወሰዳል። የትንሽ ኮሌጅ ትልቁ በረከት እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ስለሚያንስ ለዝምተኛውም ተራው ይደርሰዋል።

ተማሪው የሚሸሸው በአደባባይ መከራከር ለአገሩ እንግዳ ነገር ሆኖ አይደለም። ዘመናዊው ፍርድ ቤት ከመስፋፋቱ በፊት ሙግት ራሱ የንግግር ውድድር ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ዛፍ ሥር ቆመው «ተጠየቅ!»፣ «በላ ልበልሃ!» እየተባባሉ፣ ኩታቸውን እያጣፉ፣ በዘንጋቸው አየር እየወጉ ክሱንም መልሱንም ቤት በሚመታ ቃል ያወርዱት ነበር። ዳኛ በቅርብ ካልተገኘ መንገደኛ ይያዛል፤ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው በግራና በቀኝ ተይዞ «እስቲ ፍረደን» ይባላል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ነገሩ ሲጋጋል ተሟጋቾቹ በማርና በበቅሎ ይወራረዳሉ፤ ዛሬ ለተራ ጭቅጭቅ የሚነገረው «እሰጥ አገባ» የሚባለው ቃል የተረፈው ከዚያ ውርርድ ነው።

ሌላው ልማድ ቁራኛ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛው ፊት እስኪቀርቡ ድረስ የልብሳቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። ከ1949 እስከ 1958 ዓ.ም. ተራ በተራ የወጡት የወንጀል፣ የፍትሐ ብሔርና የሥነ ሥርዓት ሕጎች ሙግትን ወደ ወረቀትና ወደ ጠበቃ አዛወሩት። ቁራኛ ግን ከኮሌጅ ዶርም አልወጣም። የደጋፊው ቡድን መሪና የተቃዋሚው ቡድን መሪ በአንድ ባልዲ ይታጠባሉ፣ በአንድ ቻርጀር ይጠቀማሉ፣ ከቤት የመጣ በሶ አብረው ይበጠብጣሉ። ሚስጥር ተብሎ የተያዘ የክርክር ነጥብ መብራት እስኪጠፋ ድረስ እንኳ አይቆይም።

ርዕሶቹ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወራረሱ የመጡ ናቸው። «ከከተማና ከገጠር የቱ ይሻላል?»፣ «ከእውቀትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል?»፣ «ከብዕርና ከጎራዴ ማን ያይላል?»፣ «የቴክኖሎጂ ጥቅሙ ያመዝናል ወይስ ጉዳቱ?»። ተማሪው ስድስተኛ ክፍል ሳለ በሰልፍ ሜዳ ለገጠር ተከራክሯል፤ ዘጠነኛ ክፍል በሚኒ ሚዲያ ለከተማ ተከራክሯል፤ ኮሌጅ ሲገባ ያው ርዕስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም። ዕድሜያቸው የረዘመውም በዚሁ ነው፤ መልስ የተገኘለት ርዕስ በዓመቱ ይሞታል።

ማን ለየትኛው ወገን እንደሚቆም የሚለየው በዕጣ ነው። ዕጣ ደግሞ ቀልድ ያውቃል። ከገጠር የመጣው ልጅ ለከተማ ይቆምና «በከተማ የቧንቧ ውሃ ሃያ አራት ሰዓት ይገኛል» ሲል አዳራሹ በሳቅ ይናወጣል፤ ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ተናጋሪው ራሱ ጠዋት ፊቱን የታበሰው በግማሽ ሃይላንድ ነው። አንዳንድ ወላጅ በማያምኑበት ወገን ቆሞ መከራከርን ሲሰማ «ታዲያ ይሄ ውሸት ማስተማር አይደለም?» ይላል። አይደለም። የገጠሩ ልጅ ለገጠር ቢቆም ኖሮ የሚናገረው የእናቱን ቤት ነበር፤ የእናቱን ቤት ደግሞ ማንም ሳያጠና ያውቀዋል። ለከተማ አራት ምክንያት ለማግኘት ሦስት ማታ ሲቀመጥ ግን የሌላ ሰው ቤት ውስጥ ገብቶ ይወጣል።

በአንድ የክልል ከተማ ኮሌጅ በእውቀትና በገንዘብ መካከል የተደረገ ክርክር ነበር። የእውቀት ቡድን ጽሑፉን ኮፒ ለማስደረግ ቸግሮት ከገንዘብ ቡድን መሪ ሃያ ብር ተበደረ። የገንዘብ ቡድን መሪ ምንም ሳይል ሰጠ፤ ለማንም አላወራም፤ ዶርም ውስጥ እንኳ አላነሳውም። በክርክሩ ቀን የእውቀት ቡድን ተናጋሪ ስለ ብርሃንና ስለ ጨለማ ሰፊ ንግግር አድርጎ በጭብጨባ ተቀመጠ። የገንዘብ ቡድን መሪ ተነሳ፤ ኮቱን አስተካከለ፤ «የተከበሩ ዳኞች፣» አለ፣ «እውቀት ሃያ ብር አለበት።» ከዚያ በኋላ ሶቅራጥስ ራሱ ቢመጣ እውቀትን የሚያድናት አልነበረም።

የንግግር ውድድር ከክርክር የሚለየው ተቃዋሚ ስለሌለበት ነው፤ ተቃዋሚው የገዛ ጉልበት ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ተዘጋጅተው የሚያቀርቡት ነው፤ ሁለተኛው ከባርኔጣ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አውጥተው ወዲያው የሚናገሩት። በሁለተኛው ላይ ብዙ የሚባል የለም። ወረቀቱ «ጊዜ» ይላል፣ ተናጋሪው «ጊዜ ወርቅ ነው» ይላል፣ ከዚያ ጊዜው እስኪያልቅ ይጠብቃል።

የተዘጋጀ ንግግር የሚያስተምር መምህር የግሪኩን ዲሞስቴንስን ሳያነሳ አያልፍም። አንደበቱ ይተሳሰር የነበረው ይህ ሰው ጠጠር አፉ ውስጥ አድርጎ እየተናገረ ምላሱን ገራ ይባላል፤ ወሬውን ለኋለኛው ዘመን ያቆየው ፕሉታርክ ነው። ተማሪው ግን ብዙም አይደነቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ የካፌ ምስር ወጥ የበላ ሰው ጠጠር ባፉ ይዞ ማውራትን ከዲሞስቴንስ አይማርም።

ልምምድ ለብቻ የሚደረግ ነገር ነው ተብሎ በየመጽሐፉ ይጻፋል፤ ዶርም ውስጥ ብቻ መሆን ግን የለም። ተወዳዳሪው መስተዋት ፊት ቆሞ ሲለማመድ የሚያጠናውም፣ የሚያንቀላፋውም፣ ካልሲ የሚያጥበውም ይሰማል። በሁለተኛው ማታ ንግግሩን ስምንት ሰው በቃሉ ያውቀዋል። በውድድሩ ቀን አራተኛው አንቀጽ ላይ ቃል ሲጠፋበት ከአዳራሹ መሐል ስምንት ሰው ባንድ ድምፅ የሚያቀብለው ለዚህ ነው። ዳኞች ለዚህ ነጥብ ይቀንሱ ወይስ ይጨምሩ የሚለው ገና አልለየለትም።

የእጅ ጉዳይ የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል። ዕድሜውን ሙሉ ስለ እጁ አስቦ የማያውቅ ሰው መድረክ ላይ ሲቆም ሁለት ትርፍ እጅ ይዞ መምጣቱን ያስተውላል። ኪሱ ውስጥ ቢከታቸው የናቀ ይመስላል፤ ወደ ኋላ ቢያጣምራቸው የፊጥኝ የታሰረ፤ ደረቱ ላይ ቢያስቀምጣቸው ለቅሶ የደረሰ ይመስላል። ወረቀት የያዘ እንደሆነ ሌላ መዘዝ አለ። የጣት መንቀጥቀጥ ትንሽ ነው፤ ወረቀት ግን እሷን ተቀብሎ ያባዛትና ከኋላ ወንበር የሚታይ ባንዲራ ያደርጋታል። የቆዩት ተወዳዳሪዎች ጽሑፋቸውን በጫማ ካርቶን ላይ የሚለጥፉት ወረቀቱ እንዳያጋልጣቸው ነው።

አለባበስን በተመለከተ ኮት ግዴታ ነው የሚል ደንብ የለም፤ ያለ ኮት ያሸነፈ ግን አይታወስም። የሃያ ብሩ ክርክር በተደረገበት በዚያው ኮሌጅ፣ በዚያው ሰሞን በተደረገው የንግግር ውድድር ከወንዶቹ ዶርም ሁሉ የተገኘው ኮት አንድ ነበር። ግራጫ ነው፤ መሐለኛው ቁልፉ የለም፤ ባለቤቱ ታላቅ ወንድሙ ሲያገባ ሚዜ ሆኖ ያሰፋው ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪ ረጅም ስለነበር እጅጌው ክርኑ አጠገብ ቀረ። ጨርሶ በጓሮ በር ወጣና ለሁለተኛው አወለቀለት። ሁለተኛው አጭር ነው፤ ኮቱ ጉልበቱ ላይ ደረሰ፤ እጆቹ እጅጌው ውስጥ ጠፉ። በዚያ ቀን እጄን የት ላድርግ ሳይል የተናገረው እሱ ብቻ ነው። ሦስተኛው ሲገባ አዳራሹ ከሰውዬው በፊት ኮቱን አወቀውና ገና አፉን ሳይከፍት ጭብጨባው ቀለጠ። ኮቱ ለእሱ ልክ ነበር። አንደኛ ወጣ። ዳኞቹ ስለ ሐሳቡ ጥልቀትና ስለ አቀራረቡ ውበት ብዙ ተናገሩ፤ በኮሌጁ ውስጥ ግን ያሸነፈው ኮቱ መሆኑን የሚጠራጠር የለም።

ፕሮግራሙ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ይላል። በ8 ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ያሉት ድምፅ ማጉያ የሚያስተካክለው ልጅና ወንበር የሚደረድሩ ሁለት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ልጁ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» ይላል። ከሁለት አልፎ ሦስት የተቆጠረበት ማይክሮፎን እስካሁን አልተሰማም። ዲኑ ስብሰባ ላይ ናቸው። የክብር እንግዳው «መንገድ ላይ» ናቸው፤ ይህ አባባል በፕሮግራም መሪዎች ቋንቋ ገና ቤታቸው መሆናቸውን ያመለክታል። በ9 ሰዓት ተኩል ሁሉም ይሟላል፤ መብራት ይሄዳል። መብራት መሄዱ ግን ለውድድሩ ጉዳት አይደለም። ያለ ማጉያ እስከ ኋላ ወንበር የሚሰማ ተናጋሪና ማጉያውን ተማምኖ የመጣ ተናጋሪ የሚለዩት ያኔ ነው።

ቀድሞ መናገር የሚፈልግ የለም። «ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል፣ ፊት የተናገረን ሰው ይጠላዋል» የሚለውን ተረት ኮሌጅ የገባ ሁሉ ከቤቱ ይዞት መጥቷል። ፊት የተናገረው የደከመበትን ምሳሌ የኋለኛው አንስቶ መልሶ ይመታበታል፤ ዳኞቹም ገና ነጥብ ለመስጠት እጃቸው አልተፈታም። ስለዚህ ለቅደም ተከተልም ዕጣ ይወጣል፤ አንደኛ ቁጥር የደረሰው ልጅ ፊት ላይ የሚታየው ነገር ሎተሪ የደረሰው ሰው ፊት አይመስልም።

ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል። «የተከበሩ የኮሌጃችን ዲን፣ የተከበሩ የዕለቱ የክብር እንግዳ፣ የተከበራችሁ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ የተከበራችሁ ዳኞች፣ ውድ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ዕድል ለሰጠኝ…» እያለ ሲወርድ፣ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋንና በር ላይ የቆሙትን ጋሽ ጥበቃ ሳይረሳ ሲያመሰግን፣ ሰዓት ያዡ «3 ደቂቃ ቀረ» የሚል ካርቶን ያነሳል። ርዕሱ ገና አልተጠራም። በዚህ ማሾፍ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ገምድል ይሆናል። ተናጋሪው እስትንፋሱን የሚሰበስበው፣ ጉልበቱን ወደ ቦታው የሚመልሰው በዚያ ሰላምታ ነው። ደግሞም በአገሩ ልማድ ሰላም ሳይል ነገር የሚጀምር የተጣላ ሰው ብቻ ነው።

ከሰላምታው ቀጥሎ ማስረጃ ይመጣል። «ጥናቶች እንደሚያመለክቱት» ይባላል፤ ማን አጠናው፣ የት፣ መቼ የሚለው አይነሳም፤ ቢነሳም ጠያቂው ነገረኛ ይባላል። ጥቅስ የሚሸከሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንስታይንና ማንዴላ። በኮሌጅ መድረክ ላይ አንስታይን ስለ ፊዚክስ ተናግሮ አያውቅም፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ጽናትና በጠዋት ስለ መነሳት ግን ያልተናገረው የለም።

ቋንቋው አንዱ ፈተና ነው። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ውድድሩም በእንግሊዝኛ እንዲሆን የሚያዝ ኮሌጅ አለ። ያኔ ተከራካሪው ቃል በቃል የሸመደደውን ይደርሳል፤ አድማጩ በአክብሮት ዝም ይላል፤ ዝምታው የመረዳት ነው ወይስ የመተኛት አይለይም። ነገር የሚነሳው ተቃዋሚው ያልተጠበቀ ጥያቄ ሲወረውር ነው። እንግሊዝኛው ድንገት ያልቅና «ቆይ እንጂ! እንደሱ አላልኩም!» የሚል አማርኛ ይፈነዳል። የዕለቱ ትልቁ ጭብጨባ ለዚያ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ ዳኞቹም በእሱ ነጥብ ይቀንሳሉ። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ «ማለት ነው» የሚባል። በዓረፍተ ነገር ሁሉ ጅራት ላይ ይንጠለጠላል። የኋላ ወንበር ተማሪዎች በደብተራቸው ጀርባ አራት ቁም አንድ አግድም እያሰመሩ ይቆጥሩታል። ከአርባ በላይ ያስቆጠረ ሰው ቅጽል ስሙ «ማለት ነው» ሆኖ እስከ ምረቃው ይከተለዋል።

የብሪታንያ ፓርላማ ስልት የሚባለው የክርክር ዘዴ ትንሹ ኮሌጅ ሲደርስ ብዙ ነገር ይቀይራል። እ.ኤ.አ. በ1981 በግላስጎው የተጀመረው የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ሻምፒዮና ዛሬ የሚካሄደው በዚህ ስልት ነው። አራት ቡድን ይቀርባል፤ በየቡድኑ ሁለት፣ በጠቅላላው ስምንት ተናጋሪ ነው። ሁለቱ ቡድን መንግሥት፣ ሁለቱ ተቃዋሚ ይሆናሉ። ርዕሱ የሚነገረው ከክርክሩ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ 7 ደቂቃ ይሰጣል። 15 ደቂቃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባው ከተማና ገጠርን ዘጠኝ ዓመት ሲያጠና የኖረ ተማሪ ብቻ ነው። የመንግሥት ወገን የመጀመሪያ ተናጋሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ይባላል፤ ማዕረጉ ከአዳራሹ ተከትሎት ይወጣና ማታ ካፌ ውስጥ «ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሰልፍ ይያዙ!» ይባላል።

በዚህ ስልት ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ደቂቃ በስተቀር ተቃራኒው ወገን ተነስቶ አጭር ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ ተናጋሪው ሊቀበለውም «ይቀመጡ» ሊለውም መብቱ ነው። የድሮው የእንግሊዞች ወግ ጠያቂው አንድ እጁን ዘርግቶ በሌላው ራሱን እንዲይዝ ይፈልጋል፤ ዊግ ይደረግ ከነበረበት ዘመን፣ ዊጉ እንዳይወድቅ፣ የመጣ ነው ይባላል። ይህን ከቪዲዮ ያጠና የአካውንቲንግ ተማሪ አንድ ቀን ራሱን ይዞ ብድግ ሲል ከፊት የተቀመጡት የነርሲንግ ተማሪዎች ክፉኛ አመመው ብለው ደግፈው አስቀመጡት። ጥያቄው እስካሁን አልተጠየቀም። ስምንት ተናጋሪ ማሟላትም ለትንሽ ኮሌጅ ከባድ ነው። ስድስት ከተገኘ ሁለቱ ከአድማጩ መሐል ይያዛሉ፤ የድሮው መንገደኛ ዳኛ በዚህ መልኩ ተከራካሪ ሆኖ ተመልሷል።

ትንሽ ኮሌጅ በአንደበት ትልቁን የጣለበት በጣም የታወቀው ታሪክ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ በማርሻል ከተማ ያለው፣ ቀድሞ ዋይሊ ኮሌጅ ይባል የነበረው ተቋም ታሪክ ነው። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1873 ለጥቁሮች የተቋቋመ ሲሆን በ1930ዎቹ የነበሩት ተማሪዎች ጥቂት መቶ ናቸው። ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው በሚኖሩበት በዚያ ዘመን ሜልቪን ቶልሰን የተባለ ገጣሚ የእንግሊዝኛ መምህር የክርክር ቡድን ያሠለጥን ነበር። እዚያም የሚመረጥበት ብዙ ሰው አልነበረም። ሄንሪየታ ቤል ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለች በቡድኑ የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ገባች፤ በ1930 ቡድኑ ቺካጎ ሄዶ ከሚሺገን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች ጋር ሲከራከር አብራ ነበረች። በቶልሰን እጅ ካለፉት አንዱ ጄምስ ፋርመር ኮሌጅ የገባው በ14 ዓመቱ ነው፤ በ1942 ለዘር እኩልነት የሚታገለውን ኮር የተባለ ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

በ1935 የቶልሰን ተማሪዎች ወደ ሎስ አንጀለስ ተጉዘው የአገሩ ሻምፒዮን ከነበረው ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተከራከሩና አሸነፉ። ሻምፒዮን ተብለው ግን አልተጠሩም፤ የክርክር ማኅበሩ ጥቁሮችን በአባልነት አይቀበልም ነበር። በ2007 ዴንዘል ዋሽንግተን ታሪኩን «ዘ ግሬት ዲቤተርስ» በሚል ፊልም አወጣው፤ ራሱም ቶልሰንን ሆኖ ተጫወተ፤ የኮሌጁ የክርክር ቡድን ዳግም እንዲቋቋምም አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ፊልሙ ላይ ተሸናፊው ሃርቫርድ ነው። እውነተኛው ድል ያነሰ ይመስል። ሆሊዉድም እንደ ኮሌጅ ተናጋሪ ጥቅሱን ለስመ ጥር ሰው መስጠት ይወዳል።

በአገር ቤትም ትንሽ ኮሌጅ በትልቁ የተሰማበት ጊዜ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ መቶ አይሞሉም ነበር። በኋላ በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ይደረግ ጀመር፤ በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተባለ ግጥሙን ያነበበው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ የኮሌጅ ቀን ግጥም መንግሥት ጆሮውን አቁሞ የሚያዳምጠው ነገር ሆነ። የያኔዎቹ ገጣሚዎች እጃቸውን የት እንዳስቀመጡ የጻፈ የለም።

ዳኝነቱ የመጨረሻው ነው። ሦስት ዳኞች ለይዘት፣ ለአቀራረብ፣ ለቋንቋ አጠቃቀምና ለሰዓት አከባበር ነጥብ ይሰጣሉ። ችግሩ ዳኞቹ ነገ ጠዋት ክፍል የሚገቡ መሆናቸው ነው። የአካውንቲንግ መምህር ለአካውንቲንግ ልጅ ቢሰጥ አደላ ይባላል፤ ቢነፍግ ደግሞ «የገዛ ልጁን በላ» ይባላል። ስለዚህ በትንሽ ኮሌጅ ማንም ከማንም በብዙ አይበልጥም፤ ልዩነቱ ግማሽ ነጥብ ናት፣ እሷም ከሰዓት አከባበር የተገኘች። ብልህ ኮሌጅ አንዱን ዳኛ ከውጭ ያስመጣል፤ ከከተማው ፍርድ ቤት ወይም ከባንኩ ቅርንጫፍ። እኚህ ሰው ማንንም አያውቁም፤ ስለዚህ የሰሙትን ብቻ ይፈርዳሉ። አዳራሹ በእሳቸው ፍርድ ይደነግጣል።

ውጤቱ ከመነገሩ በፊት ዲኑ ተነስተው «ዛሬ ሁላችሁም አሸናፊዎች ናችሁ» ይላሉ። ተወዳዳሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ሽልማቱ ትንሽ መሆኑን ይረዳሉ። ሽልማቱ መዝገበ ቃላት፣ አንድ ደርዘን ደብተርና የምስክር ወረቀት ነው። የምስክር ወረቀቱ ከውድድሩ አንድ ቀን በፊት ስለታተመ ለሁሉም «በተሳትፎዎ» ይላል፤ ሰላማዊት የተባለችው ተወዳዳሪ «ሰላማዊ» ሆና ወጥታለች። ማታ ዶርም ውስጥ ክርክሩ እንደገና ይነሳል። የተሸነፈው ወገን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ዋናውን መልስ ያገኘዋል፤ ከላይኛው አልጋ ወደ ታችኛው ጎንበስ ብሎ ይናገረዋል፤ ታችኛው «ይሄን አዳራሽ ውስጥ ብትለው አልቀን ነበር» ብሎ ያምንለታል። ይህ ፍርድ በየትኛውም ወረቀት ላይ አይሰፍርም።

ግራጫው ኮት ሰኞ ጠዋት ተቦርሾ ለባለቤቱ ተመለሰ። ሃያ ብሩ ግን አልተከፈለም።